እትዬ፣ ሳኩራው ሳያመልጥዎ

ቶኪዮ፣ ካጹሺካ
የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት እኅቴ፣

እንደምን ከረሙ? እማማስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። ቪዛው መውጣቱን ከነገሩኝ ወዲህ ስለ ጉዞው በስልክ ብዙ ብናወራም፣ ስልክ ላይ የተባለ ነገር ባቡር ጣቢያ ውስጥ አይታወስም። መጋቢት 18 ናሪታ ላይ እቀበልዎታለሁ፤ ቶኪዮንም አብረን እናያለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ግን ብቻዎን ስለሚዞሩ ይህን ደብዳቤ አሳትመው ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙት።

መጀመሪያ ስለ አበባው። ሳኩራ የሚሉት የቼሪ አበባ ቶኪዮ ላይ በአማካይ መጋቢት 15 ገደማ ይፈነዳል፤ በሳምንቱ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ ንፋስና ዝናብ ከመጣ ሌላ ሳምንት አይቆይም። የሜትሮሎጂ ሰዎች «ፈነዳ» የሚሉት ያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ባለች አንዲት ዛፍ ላይ አምስት ስድስት አበባ ሲቆጥሩ ነው፤ ሰማንያ በመቶው ሲከፈት ደግሞ «ሞላ» ይላሉ። «ፈነዳ» የሚለውን ዜና ሰምቶ በማግስቱ የሚሮጥ ሰው የሚያየው ባዶ ቅርንጫፍ ነው። እርስዎ ሲደርሱ ቶኪዮ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ኪዮቶ ትንሽ ቀናት ስለምትዘገይ መጋቢት 22 ወደዚያ ቢሄዱ ይገጥምልዎታል። አበባው ቀድሞ ከረገፈ አይዘኑ፣ መፍትሔው ዮሺኖ ነው፤ ከታች እጽፍልዎታለሁ። ጃኬት ይያዙ። የኪዮቶ ምሽት በዚያ ወቅት እንደ ደብረ ብርሃን ይበርዳል ብለው ይነሡ።

ስለ ባቡር ትኬት ሰው ሁሉ፣ በአንድ ዋጋ ለቀናት የሚያሳፍረውን፣ «ጃፓን ሬይል ፓስ ግዢ» ይልዎታል። ያ የድሮ ምክር ነው። የሰባት ቀኑ ፓስ በ2023 እንደ ፈረንጆቹ ጥቅምት ወር ከ29,650 የን ወደ 50,000 የን ዘሏል። የእርስዎን መንገድ ይደምሩት፦ ከቶኪዮ ኪዮቶ ወደ 14,000፣ ከኪዮቶ ሂሮሺማ ወደ 11,000፣ ከሂሮሺማ ቶኪዮ ወደ 20,000 የን። ሲደመር 45,000 ነው። በዚያ ላይ ፓሱን ይዘው ኖዞሚ የሚባለውን ፈጣኑን ባቡር ለመሳፈር ተጨማሪ ይከፈላል። ከታች ወደምነግርዎት ሁለት ተራሮች፣ ዮሺኖና ኮያ፣ የሚያደርሱት ባቡሮች ደግሞ የሌላ ኩባንያ ስለሆኑ ፓሱ እዚያ አይሠራም። ስለዚህ በየመንገዱ ይግዙ።

በአንድ ሐዲድ ላይ ሺንካንሰን ከሚሉት ፈጣን ባቡር ሦስት ዓይነት ይሄዳል። ኖዞሚ ኪዮቶ በሁለት ሰዓት ከሩብ ይገባል፤ ሂካሪ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨምራል፤ ኮዳማ ግን በየጣቢያው እየቆመ ወደ አራት ሰዓት ስለሚጠጋ ለእርስዎ አይሆንም። ይህ መስመር የተከፈተው መስከረም 21 ቀን 1957 ነው፤ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ በማራቶን ሁለተኛውን ወርቅ ያገኘው በሃያኛው ቀን፣ ጥቅምት 11። እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች ከኢትዮጵያ ነኝ ሲሏቸው ሁለቱንም አንድ ላይ ያነሡልዎታል።

ትኬት ሲገዙ የመስኮቱን መቀመጫ «ኢ» ይጠይቁ። በአንድ ረድፍ ኤ፣ ቢ፣ ሲ በባሕሩ በኩል፣ ዲና ኢ በተራራው በኩል ናቸው። ከቶኪዮ ከተነሡ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ የፉጂ ተራራ በቀኝዎ ይመጣል፤ ሲመለሱም መቀመጫው ያው ኢ ነው፣ ጎኑ ግን ግራ ይሆናል። 3,776 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሸን ያጥራል፤ ብቻውን ስለቆመ ግን ግርማው ሌላ ነው። በጸደይ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ስለሚሸፍነው በጠዋት ይሂዱ።

አሁን እንግዳ ሁሉ የሚሳሳትበትን ልንገርዎ። ብዙ ጊዜ ለአንድ ጉዞ ሁለት ትኬት ነው የሚሰጥዎ፦ አንዱ የመንገዱ ዋጋ (ጆሻከን)፣ ሌላው የፍጥነቱና የመቀመጫው (ቶክዩከን)። በሩ ላይ ሁለቱን ደርበው በአንድ ጊዜ ያስገቧቸው። አንዱን ብቻ ካስገቡ በሩ ይዘጋብዎትና ከኋላዎ ሰልፍ ይቆማል። ማሽኑ ውጦ በወዲያኛው በኩል ይተፋቸዋል፤ እዚያ ጋ ረስተው እንዳያልፉ። መውጫ ላይ ሁለቱንም ይፈልጓቸዋል፣ ከጠፉ እንደገና መክፈል ሊመጣ ይችላል። መድረኩ ላይ ወለሉ የፉርጎ ቁጥር ተጽፎበታል። ኖዞሚ 16 ፉርጎ ስለሆነ በተሳሳተው ጫፍ ከቆሙ ወደ 400 ሜትር መሮጥ ነው፤ ባቡሩ ደግሞ በመካከለኛ ጣቢያ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ አይቆምም። ካመለጠዎ አይደንግጡ፦ የመቀመጫ ቁጥር ያለው ትኬት በዚያው ቀን ቀጥሎ በሚመጣው ባቡር ቁጥር በሌላቸው መቀመጫዎች ያስቀምጥዎታል። በኖዞሚ እነዚህ ፉርጎ 1 እና 2 ናቸው።

በከተማ ውስጥ ለሚሄዱበት ሱይካ የሚባለውን የባቡር መክፈያ ካርድ አወጣልዎታለሁ፤ ገብተው ሲወጡ ማስነካት ብቻ ነው። ኪዮቶም ሂሮሺማም ይሠራል፤ በአንዱ ክልል ገብተው በሌላው ክልል መውጣት ግን አይሆንም። ለረጅም መንገድ ወረቀት ይግዙ ያልኩዎ ለዚህ ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ጃፓን ከእኛ ስድስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ የእጅ ሰዓትዎን በሀገራችን አቆጣጠር ሞልተውት ከሆነ መነካካት አያስፈልገውም። እዚህ ከቀትር በኋላ 3 ሲሆን እናንተ ዘንድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ መርፌው አንድ ቦታ ነው የሚቆመው። ሰሌዳው ላይ 15:42 ካለ 12 ቀንሰው 3:42 ይበሉት፣ አለቀ።

ሁለቱን ትልልቅ ሻንጣ እኔ ቤት ይተዉ። ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረቱ ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ ሺንካንሰን ውስጥ የራሱ ቦታ ያለው መቀመጫ አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ካልተያዘ 1,000 የን ያስከፍላሉ። ለአንድ ሳምንት የእጅ ሻንጣ ይበቃዎታል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ምግብ። ሳኩራና ሁዳዴ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አብረው ነው የሚመጡት፤ ዘንድሮም ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ጉዞዎ ሙሉ በሙሉ ጾም ውስጥ ነው። ጃፓን አትክልትና ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ ምግብ) የሞላባት ስለሆነች ለጾመኛ የምትመች ይመስላል። አይደለችም። ችግሩ ዳሺ የሚሉት መረቅ ነው፤ ደርቆ እንደ እንጨት ከጠነከረ በኋላ ከሚፋቅ ካጹኦ ከተባለ ዓሣ ይሠራል። የሚሶ ሾርባ ውስጥ አለ፣ ሶባ የሚሉት ፓስታ መሰል ምግብ መረቅ ውስጥ አለ፣ የተቀቀለ አትክልት እንኳ በሱ ነው የሚበስለው። «ሳካና ናሺ» ብለው ዓሣ እንዳይኖረው ቢጠይቁ «እሺ» ብለው ያመጡልዎታል፤ ለነሱ መረቁ ዓሣ አይባልማ። «ዳሺ ሞ ዳሜ ዴስ» ብለው ይጨምሩበት፣ መረቁም አይሆንልኝም ማለት ነው። «ቡታ» የአሳማ ሥጋ፣ «ታማጎ» እንቁላል መሆኑንም ይያዙ። ሂሮሺማ የታወቀችበት ኦኮኖሚያኪ የሚሉት ቂጣ መሰል ምግብ ሁለቱም ስላሉበት ሽታውን አሽትተው ይለፉት።

ታዲያ ምን ይብሉ? በየመንገዱ ካሉት ትንንሽ ሱቆች ኦኒጊሪ የሚባል ባለ ሦስት ማዕዘን የሩዝ ጥቅል ይገዛል። «ሺዮ ሙሱቢ» የሚባለው ሩዝና ጨው ስለሆነ ከሁሉ ይሻላል፤ በኮመጠጠ ፕለም የተሞላው «ኡሜ» አንዳንዱ የዓሣ ቅመም ስለሚገባበት የሱቁን ሰው «ካጹኦ?» ብለው ይጠይቁ። የባሕር አረም ቅጠል የሚለብሰውን ሲገዙ አከፋፈቱን ይወቁ፦ ቅጠሉ እንዳይርስ በሁለት ፕላስቲክ መሐል ነው ያለው። ጫፉ ላይ 1 የተጻፈበትን ክር ይዘው ዙሪያውን እስከ ጀርባው ይሳቡ፤ ለሁለት ይከፈላል። ቀጥሎ 2ን በቀኝ፣ 3ን በግራ ቀስ ብለው ወደ ጎን ያውጡ። ተቻኩለው 2ን ካስቀደሙ ቅጠሉ ተቀዶ ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀርና እጅዎ ላይ ነጭ ሩዝ ብቻ ይተርፋል።

ካፓማኪ የሚባለው የኪያር ጥቅልም ይሆንልዎታል። ለጣፋጭ ሳኩራሞቺ ይሞክሩ፤ ሩዝና ቀይ ባቄላ በጨው በታሸ የሳኩራ ቅጠል የተጠቀለለ ነው፣ ቅጠሉም ይበላል። የኪዮቶው ፍሬ ፍሬው የሚታይ ሩዝ ነው፤ የቶኪዮው ደግሞ እንደ ስስ ቂጣ ነው። እኔ የኪዮቶውን እመርጣለሁ። እዚያው ኪዮቶ ዩዶፉ የሚባል በሙቅ ውሃ የሚቀርብ ቶፉ አለ፤ ድስቱ ውስጥ ያለው የባሕር አረም ብቻ ቢሆንም መጥቀሻው ዳሺ አለበት፣ ሾዩ (የአኩሪ አተር ስጎ) ብቻውን ያምጡልኝ ይበሉ።

ባቡር ላይ ምሳ ይበላል፣ ነውር የለውም፤ የከተማው ባቡር ላይ ግን አይበላም። በጋሪ እየዞሩ ይሸጡ የነበሩትን በዚህ መስመር ስላስቀሩ ከመሳፈርዎ በፊት ይግዙ። ኤኪቤን የሚሉት የጣቢያ ምሳ ሳጥን አብዛኛው የፍስክ ነው። ከጎንዎ የተቀመጠ ሰው ክር ስቦ ሳጥኑ እንፋሎት ቢተፋ እንዳይደነግጡ፤ ከሥሩ ኖራና ውሃ ሲገናኙ ነው ምግቡን የሚያሞቁት።

ኪዮቶ ውስጥ አውቶቡስ ይተዉ፣ በሳኩራ ወቅት መቆሚያ ቦታ የለውም። በምድር ውስጥ ባቡር ኬአጌ ይውረዱ። ድሮ ጀልባ ይጎተትበት የነበረ 582 ሜትር ሐዲድ አለ፣ ግራና ቀኙ ሳኩራ ነው፣ በነጻ ይራመዱበታል። ከዚያ በእግር ወደ ሰሜን ሲሄዱ በቦይ ዳር ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የፈላስፋው መንገድ ያገኙታል። ወደ ፉሺሚ ኢናሪ መቅደስ ቀይ በሮች ሲሄዱ የናራ መስመርን ቀርፋፋ ባቡር ይያዙ፤ «ሚያኮጂ» የሚባለው ፈጣኑ ኢናሪ ጣቢያ ላይ አይቆምም፣ አሳልፎ ይወስድዎታል። መቅደሱ ሌሊትም ክፍት ስለሆነ ጎሕ ሲቀድ ይድረሱ።

ዮሺኖ ተራራው በሙሉ ሳኩራ ነው፣ ወደ 30,000 ዛፍ ይባላል። አበባው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ስለሚወጣ ሥሩ ቢረግፍ ራስጌው ገና ነው። ከኦሳካ አቤኖባሺ በኪንቴጹ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም።

ኮያ ተራራ ላይ አንድ ሌሊት ቢያድሩ ጾሙ ያርፍልዎታል። በ816 እንደ ፈረንጆቹ የተመሠረተ የቡዲስት ገዳማት መንደር ነው፤ እንግዳ ያሳድራሉ፣ እራትና ቁርሱ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የለበትም፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። እምነቱ የኛ ባይሆንም የጾም ገበታ የሚያውቅ ሰው ያበሰለው መሆኑ ያስታውቃል። ከኦሳካ ናምባ በናንካይ መስመር ሄደው መጨረሻ ላይ በገመድ የሚጎተት ባቡር ይወጣሉ። እራት በጊዜ ስለሚቀርብ ከ17:00 በፊት ይግቡ። ብርዱ ከኪዮቶ ይብሳል፣ ቦታው 800 ሜትር ላይ ነው።

ሂሮሺማ አንድ ቀን ተኩል ይበቃል። ጠዋት የሰላም ሙዚየሙን፣ ከሰዓት ሚያጂማ ደሴትን ይዩ፤ በባቡር ግማሽ ሰዓት፣ በጀልባ አሥር ደቂቃ ነው። ውሃ ውስጥ የቆመው ትልቁ በር ተንሳፍፎ የሚታየው ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ነው፤ ሲጎድል እስከ እግሩ ድረስ በጭቃ ይራመዱበታል። ሁለቱም ያምራል፣ ግን የትኛውን እንደሚያዩ ለማወቅ የዕለቱን የባሕር ሙላት ሰዓት ሆቴሉ ላይ ይጠይቁ።

ከሂሮሺማ ሲነሡ የባቡሩን ስምና የፉርጎውን ቁጥር በስልክ ይላኩልኝ። የመድረክ መግቢያ ትኬት ቆርጬ በሩ ፊት እጠብቅዎታለሁ።

ለእማማ ጉልበቷን ስመው ያድርሱልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ

ይድረስ የረሳሁት፦ ቋንጣ እንዳያመጡልኝ። ሥጋ፣ የደረቀም ቢሆን፣ ያለ ምርመራ ወረቀት ወደ ጃፓን አይገባም፤ ናሪታ ላይ ሻንጣ የሚያሸቱ ውሾች አሉ። ሽሮው ይበቃኛል።