የወንዙ ጓዳ ዳሩ ላይ ነው

ለአዘጋጁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ስለ ችግኝ ተከላ ያወጣችሁትን አነበብኩ። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ቶሎ የሚደርስ ዛፍ መተከሉ እንደ መልካም ሥራ ተቆጥሮ አለፈ። እኔ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያደግኩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ወደ በሬሳ የምትገባ አንዲት ትንሽ ወንዝ ዳር ነው። ከብት ስንጠብቅ ቀትር ላይ አኻያው ጥላ ሥር እንሰበሰብና ውሃው ውስጥ ድንጋይ እንገለብጣለን። ከድንጋዩ ሥር በጭራሮና በቅጠል ስብርባሪ የተሠራች ቤቷን ተሸክማ የምትሄድ ትል ትገኝ ነበር። ትል ነበር የምንላት፤ ኋላ ነው የክንፋም ነፍሳት እጭ መሆኗን ያወቅሁት። አድጋ ከውሃው ትወጣለች፣ ክንፍ ታወጣለች፣ ትበራለች።

ባለፈው ለጥምቀት ሄጄ እዚያው ቦታ ድንጋይ ገለበጥኩ። አኻያው የለም። ባህር ዛፉ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ወርዷል። ድንጋዩ ሥር እንደ ቆዳ የጠነከረ የባህር ዛፍ ቅጠል ተደራርቦ ተኝቷል። ያቺን ቤቷን የምትሸከም ትል ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣኋት። የልብስ ሳሙናውም የመስኖ ፓምፑም የየራሱ ጥፋት አለው፣ ሁሉንም በዛፉ አላሳብብም። ግን የዛፉ ነገር ማንም የማያነሳው ስለሆነ እኔ ላንሳው።

ጥላ ያላት ትንሽ ወንዝ የራሷ እህል የላትም ማለት ይቻላል። ፀሐይ በደንብ ስለማያገኛት አልጌው፣ ያ ድንጋይ ላይ የሚያንሸራትተው አረንጓዴ ነገር፣ ብዙ አይበቅልባትም። የምትበላው ከዳሩ የሚረግፍላትን ነው። አሜሪካ ውስጥ ቤር ብሩክ የምትባል የጫካ ጅረት ተጠንታ በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት፣ እዚያ ያለው ሕይወት ከሚያገኘው ጉልበት 99 በመቶ በላዩ ከዙሪያዋ ጫካ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ቅጠሉ ደግሞ እንደወደቀ አይበላም። መጀመሪያ ይቦካል። ሻጋታ ይወርሰውና እንደ ሊጥ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ነው ነፍሳቱ የሚቦጫጭቁት፤ ሸርጣን ባለበት ወንዝ ሸርጣኑም ይካፈላል። ፍርፋሪው ወደ ታች ይወርድና ታች ያሉት ያጣሩታል። የባህር ዛፍ ቅጠል ግን ዘይት አለው፣ ደረቅ ነው፣ ለነፍሳቱ የሚሆን ምግብም ያንሰዋል። ፖርቱጋል ውስጥ በባህር ዛፍ መሀል የሚፈሱ ጅረቶች ሲጠኑ የነፍሳቱ ብዛትም ዓይነትም ከአገር በቀሉ ጫካ ጅረቶች ያነሰ ሆኖ ነው የተገኘው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ወንዙም ብድሩን የሚመልስ መሆኑን ነው። ከውሃ የሚወጡትን ክንፋሞች ዳር ላይ ድሩን የዘረጋ ሸረሪት ይይዛቸዋል፣ እንቁራሪት ይውጣቸዋል፣ ማታ የሌሊት ወፍ፣ ቀን ወፎቹ። ሽጌሩ ናካኖ የሚባል ጃፓናዊ ተመራማሪ ሆካይዶ ውስጥ በአንዲት ጅረት ላይ ከባልደረባው ጋር ይህን ለካ። የጫካው ወፎች በዓመት ከሚበሉት ሩብ ያህሉ ከወንዙ የወጣ ነፍሳት ነው። የዓሣዎቹ ምግብ ደግሞ 44 በመቶው ከየብስ ወደ ውሃው የወደቀ ነፍሳት ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የገረመኝ ተራ መጠባበቃቸው ነው፤ ዛፉ ቅጠል በሌለው ጊዜ ወንዙ ወፎቹን ይመግባል፣ ዛፉ ለምልሞ ነፍሳቱ ሲበዛ ደግሞ ዳሩ ዓሣውን። ናካኖ በ2000 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ባሕር ላይ በጀልባ አደጋ ሞተ። ይህ ጥናቱ የታተመው በማግስቱ ዓመት ነው። ነፍሱን ይማር።

ይኸው ሰው ከዚያ በፊት ጅረቱን ግሪንሃውስ በሚመስል ነገር ሸፍኖ ከላይ የሚወድቀውን ነፍሳት ከልክሎ ነበር። ዓሣዎቹ ምን ያድርጉ? ወደ ውሃ ውስጥ ነፍሳት ዞሩ። እነዚያ ሲመናመኑ እነሱ ይግጡት የነበረው አልጌ በዛ። ዳሩን ሲነኩት የወንዙ ወለል ተለወጠ ማለት ነው።

ባህር ዛፍ ይጥፋ አልልም። እናቴ ኩበት እያነደደች ነው ያሳደገችን፤ ዓይኗ በጭስ ሲያነባ አይቻለሁ። ማሳው ላይ መቅረት የነበረበት ፍግ ምድጃ ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ባህር ዛፍ ከዚያ ያወጣው ቤት ብዙ ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት የከፈለም እሱ ነው። የምለው ከውሃው ትንሽ ፈቀቅ ይበል ነው። በግራም በቀኝም አሥር አሥር እርምጃ እንኳ ለአኻያው፣ ለዶቅማው፣ ለቁጥቋጦው ቢተው። "ዝም ብሎ የበቀለ ጫካ" እያልን የምንመነጥረው እኮ የወንዙ ጓዳ ነው። ካላመናችሁኝ ወፍ ዋሻ ውረዱና ጫካው መሀል ካለች አንዲት ጅረት ዳር ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። የሸረሪቱን ድር ቁጠሩ። ከዚያ ወደ እኛ ሰፈር መጥታችሁ ደግሞ ቁጠሩ።

እናንተም ስለ ተከላ ስትዘግቡ ስንት ችግኝ ተተከለ ብቻ አትበሉ። የት? ምን ዓይነት? ከመተከሉ በፊት እዚያ ምን ነበር? ብላችሁ ጠይቁልን።

እኔ ከወንድሜ ጋር ተነጋግሬ በዚህ ክረምት በእኛ በኩል ያለውን ዳር ልንተወው ተስማምተናል። ከውሃው አጠገብ ያሉት ባህር ዛፎች ሲቆረጡ ዳግመኛ እንዲያቆጠቁጡ አንተዋቸውም። አኻያ ቅርንጫፉ ተቆርጦ እርጥብ መሬት ላይ ከተተከለ ይይዛል፣ ችግኝ ጣቢያም አያስፈልገውም። ከላይ መንደር ሁለት ያረጁ ዛፎች ቀርተዋል፤ የዛፎቹ ባለቤት ቁራጭ ሊሰጡን እሺ ብለውናል።

አክባሪያችሁ፣
ከሰሜን ሸዋ አንባቢያችሁ