ለሰብለ፣ ስለ እናትሽ ምርመራ

ውድ ሰብለ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ይህን ያህል ዘመን ተጠፋፍተን ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ በደስታ ከፈትሁት፤ ስለ እማማ ዘነበች የጻፍሽው ጋ ስደርስ ግን ልቤ ተሰበረ። ደግሜ ሳነበው ደግሞ ተቆጣሁ። የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል የተባለው በአንድ የአሥር ደቂቃ ፈተና ብቻ ከሆነ፣ ገና ምንም አልታወቀም።

ከ30 ነጥብ 18 ያገኙበት ፈተና እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ፎልስታይንና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት ነው። ብዙ ጊዜ ከ24 በታች የሆነ ውጤት ያጠራጥራል ይባላል። እናትሽ ቀኑን ሲጠየቁ ‹‹ጥቅምት 12፣ ሚካኤል ነው›› ብለው ዓመተ ምሕረቱን መጨመራቸውን ጽፈሽልኛል። አስተርጓሚው በስልክ ያንኑ አስተላለፈ፤ ዓመቱም፣ ወሩም፣ ቀኑም ስህተት ተብሎ ተመዘገበ። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም! ጽሑፍ አንብበው የታዘዘውን መፈጸም፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ የተደራረቡ ሁለት ባለአምስት ጎን ቅርጾች መሳል ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነጥብ አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቅቤና እህል ነግደው እናንተን ያሳደጉት እማማ እርሳስ ይዘው አያውቁም። እነዚህ ሦስቱ ከዓመቱ፣ ከወሩና ከቀኑ ጋር ብቻ ስድስት ነጥብ ናቸው። መልሰን እንደምርላቸውና ጤነኛ ናቸው እንበል ማለቴ አይደለም፤ ቁጥሩ የአእምሯቸውን ያህል የትምህርት ዕድላቸውንም ለክቷል ማለቴ ነው። በተቃራኒው፣ ብዙ የተማረ ሰው ሕመሙ ጀምሮትም ይህን ፈተና በጥሩ ነጥብ ሊያልፍ ይችላል።

ሒሳቡንም ተመልከቺው። አንድ ፈተና ከ100 ሕሙማን 85ቱን ይለያል፣ ከ100 ጤነኞችም 85ቱን ጤነኛ ብሎ በትክክል ያሳልፋል እንበል። ከ1000 አረጋውያን 100ው ሕሙማን ቢሆኑ 85ቱ ይገኛሉ፤ ከ900 ጤነኞች ግን 135ቱ በስህተት ይያዛሉ። ‹‹አጠራጣሪ›› ከተባሉት 220 ሰዎች የሚበዙት ጤነኞች ናቸው። ፈተናው ማጣሪያ ነው፤ ‹‹ይህን ሰው በደንብ እንመርምረው›› ከማለት አልፎ ፍርድ መስጠት አይችልም።

ሰብለ፣ ነገሩን ቸል በይው ግን አልልሽም። ድስት ምድጃ ላይ ረስተው መውጣታቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ስም መሳታቸው ከነጥቡ ይልቅ እኔን ያሳስበኛል። መቼ እንደጀመረ፣ ቀስ በቀስ ይሁን በድንገት፣ ዕቃ መግዛትና ገንዘብ መቁጠር ይከብዳቸው እንደሆነ በዝርዝር ጽፈሽ ለሐኪሙ ስጪው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ የጆሮ መድከም፣ ሁሉም መርሳትን ሊያመጡ ወይም ሊያስመስሉ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ይታከማሉ። አገርና ቤት ለቆ ዳላስ መግባት በእሳቸው ዕድሜ ምን ያህል ልብ እንደሚያስጨንቅ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ሩዳስ የሚባለውን ፈተናም ጠይቂ። በሲድኒ ልዩ ልዩ ቋንቋና ባህል ላላቸው ሰዎች ታስቦ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ነው። ከሱቅ የሚገዙ አራት ነገሮችን ማስታወስ፣ መኪና የሚበዛበትን መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ መናገር ይጠይቃል፤ ይህ የእማማ ዓለም ነው። አንድ ሥዕል ግን እሱም ያስላል። በስልክ ሳይሆን አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያስተረጉም ሰው እንዲመደብላቸው አጥብቀሽ ለምኚ፤ አንቺ ራስሽ አታስተርጉሚ፣ ሳታውቂው ትረጃቸዋለሽና።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስም ዛሬውኑ ላኪልኝ። ቅዳሜ በእኛ ምሽት እደውላለሁ፤ እማማንም አገናኚኝ፣ ድምፃቸው ናፍቆኛል።

ወዳጅሽ፣
አልማዝ
አዲስ አበባ