ስንተኛው ክፍል ላይ ነው ያቆሙት?

ለክቡር አዘጋጁና ለዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፦

ባለፈው እትማችሁ ተመልካቾች በቅርቡ ስላዩዋቸው ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች የላኩትን አስተያየት አንድም ሳላስቀር አነበብኩ። አንዱን ድራማ ሦስት ሰዎች አንስተውታል። አንደኛው «ከአሥር ሁለት፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ» ይላል። ሁለተኛዋ «ከአሥር ዘጠኝ፤ እንዳያመልጣችሁ» ብላለች። ሦስተኛው «ምንም አይልም» ብሎ አልፏል። ገጹን የገለጥኩት ድራማውን ልጀምረው ወይስ ልተወው የሚለውን ለመወሰን ነበር። አንብቤ ስጨርስ ግን ሳልጀምር ከማውቀው በላይ ያወቅሁት ነገር አልነበረም። ሦስቱ ሰዎች አንድ ነገር ማየታቸውን እንኳ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ሁለት የሰጠው ሰው ከመጀመሪያው ክፍል ሃያ ደቂቃ አይቶ ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ ዘጠኝ የሰጠችው ደግሞ ሙሉውን በሁለት ሌሊት ጨርሳው ይሆናል። እነሱ አልነገሩንም፤ እናንተም አልጠየቃችኋቸውም።

የምጽፍላችሁ ይህን እንድትጠይቁ ነው። አስተያየት የሚልክ ሰው ሁሉ፣ የወደደውም የጠላውም፣ ስንት ክፍል አይቶ እንደሚናገር አስቀድሞ ይጻፍ። ካቋረጠ የት ላይ እንዳቋረጠ ይንገረን። ከዚያ ነጥቡን ትቶ አንድ ትዕይንት ያሳየን፤ ልቡን የያዘውን ወይም ከፊልሙ ያባረረውን።

ይህን ለማለት የበቃሁት ራሴም ስላጠፋሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አንድ ተከታታይ ድራማ በአደባባይ አስተያየት ሰጥቼ ነበር። ሁለት ክፍል ብቻ ነበር ያየሁት፤ እሱን ግን አልጻፍኩም። «ዋናው ተዋናይ እንጨት ነው፤ ፊቱ ላይ ደስታም ሐዘንም አይነበብም» አልኩ። ብዙ ሰው ተስማማ፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬም ልትጀምረው አስባ በእኔ ቃል ተወችው። ዓመት ቆይቶ ታናሽ ወንድሜ አብረን ካላየነው ብሎ አስቀመጠኝ። አምስተኛው ክፍል ላይ ያ ፊቱ የማይነበበው ሰው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ መኪናው ውስጥ ብቻውን ገብቶ፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘግቶ ሲያለቅስ አየሁት። ለዓመታት ከቤተሰቡ ደብቆ የተሸከመው ነገር ነበረ። እኔ የትወና ድክመት ያልኩት የድራማው ልብ ነበር ማለት ነው። ተዋናዩ አራት ክፍል ሙሉ ፊቱን የቆለፈው ለዚያች ሌሊት ነው። ባልደረባዬን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኋት። የጻፍኩትን አንብበው የተዉትን ሌሎች ሰዎች ግን ማንነታቸውንም አላውቅም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ተከታታይ ድራማ ከፊልም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፊልም የሚያይ ሰው ሁለት ሰዓት ተቀምጦ አንድ ነገር ጨርሶ ይነሳል። የድራማ ጸሐፊ ግን ዛሬ የዘራውን የሚያጭደው ከብዙ ክፍሎች በኋላ ሊሆን ይችላል። «ብሬኪንግ ባድ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ እ.ኤ.አ. በ2008 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲጀምር የመጀመሪያው ሲዝን ሰባት ክፍል ብቻ ነበረው፤ ያሳጠረው የጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ነው። በዚያን ጊዜ የሚከታተለው ሰው ጥቂት ነበር። በ2013 የመጨረሻው፣ 62ኛው ክፍል ሲተላለፍ በአሜሪካ ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመለከተው። «ዘ ዋየር» ደግሞ ከ2002 እስከ 2008 በአምስት ሲዝን 60 ክፍል ሠርቶ ኤሚ ከተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት አንድም ሳያገኝ ነው ያለቀው። ዛሬ ስለ ምርጥ ድራማዎች ሲነሳ ስሙን የማይጠራ ሃያሲ ማግኘት ከባድ ነው። እነዚህን ሁለቱን በመጀመሪያው ሳምንት ነጥብ ሰጥቶ የጨረሰ ሰው ምን ያህሉን አይቶ እንደፈረደ አስቡት።

«ታዲያ አንድ ድራማ እስኪጥመኝ ድረስ አሥር ሰዓት መታገሥ አለብኝ ወይ?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የለብህም፤ የለብሽም። ሠራተኛ ነን፤ ልጅ እናሳድጋለን፤ ማታ የሚተርፈን አንድ ሰዓት ናት። ሰውን በሦስት ክፍል ውስጥ መያዝ ያቃተው ጸሐፊም የራሱ ጥፋት አለበት። የጀመረውን ሁሉ ይጨርስ የሚል ሕግ አውጡ እያልኩ አይደለም። ማቋረጥም አስተያየት ነው፤ ያውም ጠቃሚ አስተያየት። «ሦስተኛው ክፍል ላይ አቆምኩት፤ ምክንያቱም ሁለቱ እህትማማቾች በእያንዳንዱ ክፍል ያንኑ ጠብ ደግመው ይጣላሉ» ብሎ የጻፈልኝን ሰው አመሰግነዋለሁ። እኔ ጠብ የሚደጋገምበትን ድራማ እችለው ይሆናል፤ ሌላው አይችለው ይሆናል። ሁለታችንም ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የምንፈልገውን አግኝተናል። «ከአሥር ሁለት» ከሚለው ይህን ማን ያገኛል?

ስለ ቁጥሩ ትንሽ ልቆይ፤ ቁጥር ስናይ ነገሩ የተመዘነና ያለቀ ስለሚመስለን። ብዙ ሰው ፊልም ከመምረጡ በፊት የሃያስያንን አስተያየት የሚሰበስበው «ሮተን ቶሜቶስ» የተባለ ድረ ገጽ ላይ ያለውን መቶኛ ያያል። ያ መቶኛ ግን ፊልሙ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አይናገርም። የሚናገረው ከሃያስያኑ ስንቱ በጎ እንደጻፉለት ነው፤ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ካገኘ ቀዩ ቲማቲም ይሰጠዋል። ስለዚህ መቶ ሃያስያን ሁሉም «ደኅና ነው፣ አይከፋም» ካሉት 100 በመቶ ያገኛል። ሰባው በፍቅር ያበዱለት፣ ሠላሳው የተጸየፉት ፊልም ግን 70 ላይ ይቆማል። ከሁለቱ የትኛው ሌሊቱን እንቅልፍ እንደሚነሳ ሳይታለም የተፈታ ነው። ኔትፍሊክስም ቢሆን ተመልካቾቹን አምስት ኮከብ ሲያስሰጥ ኖሮ በ2017 ኮከቡን አንስቶ በአውራ ጣት ምልክት ተክቶታል። ለእነሱ ይበቃቸው ይሆናል፤ የሚፈልጉት ቀጥሎ የሚያቀርቡልንን ለመገመት ነው። እኛ እርስ በርሳችን የምንነጋገር ሰዎች ግን አፍ አለን።

ሌላው የምለምናችሁ ሰው ፊልሙን በምን እንዳየው ጭምር እንዲጽፍ ነው። ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። በ2019 «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የመጨረሻው ሲዝን ላይ ሌሊት የሚካሄድ ታላቅ ውጊያ ያለበት የ82 ደቂቃ ክፍል ሲተላለፍ፣ ብዙ ተመልካች «ጨለማ እንጂ ምንም አላየንም» ብሎ ተቆጣ። የካሜራ ባለሙያው ደግሞ ችግሩ የሰዎች ቴሌቪዥን አቀማመጥና አስተካከል ነው ብሎ መለሰ። ጨለማ ክፍል ውስጥ በጥሩ ስክሪን ያየው እና ፀሐይ በሚገባበት ሳሎን በስልኩ ያየው ሰው በእርግጥ አንድ ነገር አላዩም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሳይታወቀን የሚያልፈው ነው። ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች በመካከሉ የራሳቸውን ምስል እየፈጠሩ ያስገቡና እንቅስቃሴውን ከልክ በላይ ያለሰልሱታል፤ ይህ አሠራር በብዙዎቹ ላይ ከፋብሪካው ተከፍቶ ነው የሚመጣው። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም በቤት ካሜራ የተቀረጸ ይመስላል፤ ተመልካቹም «ርካሽ ሥራ ነው» ብሎ ዳይሬክተሩን ይወቅሳል። አንድ ጊዜ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ይበቃ ነበር። ፍጥነቱን ጨምሮ የሚያይ ሰውም አለ። ሲያፈጥን መጀመሪያ የሚያጣው በሁለት ሰዎች ንግግር መካከል ያለውን ዝምታ ነው፤ ጥሩ ተዋናይ ደግሞ ብዙውን ሥራውን የሚሠራው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

«ይደብራል» የሚለው ቃል በገጻችሁ ላይ በብዛት ስለሚታይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቤልጂየማዊቷ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው «ዣን ዲልማን» 201 ደቂቃ ይፈጃል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የሦስት ቀን ኑሮዋን ስትኖር ነው የምናየው፤ ድንች ትልጣለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። ካሜራው ፈቅ አይልም። እኔ በሁለት ቀን ከፋፍዬ ነው ያየሁት፤ መጀመሪያው ቀን ላይ ሰዓቴን ደጋግሜ እንዳየሁም አልደብቅም። የሴትዮዋን ሥርዓት እጅ በእጅ ካወቅሁት በኋላ ግን፣ በሁለተኛው ቀን ትንንሽ ነገሮች መዛነፍ ሲጀምሩ፣ አንዲት ያልተቆለፈች የልብስ ቁልፍ እንኳ ደረቴን ታስጨንቀኝ ጀመር። ያ ድብርት ያለ ምክንያት የተቀመጠ አልነበረም። በ2022 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የብሪታንያ መጽሔት ከ1,600 በላይ ሃያስያንና የፊልም ባለሙያዎችን ድምፅ ሲያሰጥ ከፊልሞች ሁሉ አንደኛ የወጣው ይኸው ነው። መጽሔቱ ይህን ምርጫ ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ያካሂዳል፤ ሴት ያዘጋጀችው ፊልም አንደኛ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር። ሃያስያን ስለወደዱት እናንተም ውደዱት አልልም። ነገር ግን ደበረኝ የሚል ሰው ድብርቱ የት እንደጀመረና ምን እየታየ እንደነበር ቢነግረን፣ ባይወደውም አስተያየቱ ብዙ ያስተምረናል።

ታሪኩ ይበላሽብናል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ግን መፍትሔው ቀላል ነው። ትዕይንቱ ከመጀመሪያው አጋማሽ ይመረጥ፤ ማን እንደሞተና ማን እንደከዳ አይነገር። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያሳይ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ አስከልክሎ፣ ተመልካቹንም መጨረሻውን ለሌላ እንዳይናገር ለምኖ ነበር። ሰው አፉን ዘግቶም ስለ ፊልሙ ማውራት አላቆመም።

ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ዓይኗ በግላኮማ ከደከመ ዓመታት ሆኗታል፤ ብርሃንና ጥላ ትለያለች እንጂ ፊት አትለይም። ማታ ማታ አብረን እንቀመጣለን፤ እሷ ታዳምጣለች፣ እኔ ደግሞ ንግግር በሌለበት ቦታ የሚታየውን በአጭሩ እነግራታለሁ። ባለፈው ወር ስለ አንድ አባትና ልጅ የተሠራ ፊልም አየን። አባትየው ደግ መስሎኝ ነበር፤ ይስቃል፣ ስጦታ ይገዛል፣ ልጅቷን ትምህርት ቤት ያደርሳታል። ሲያልቅ እናቴ እንዲህ አለች፦ «እኔ በሰማሁት፣ ይህ ሰው ልጁን ይፈራታል እንጂ አልቀረባትም። ስሟን ሲጠራ ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ውሻውን ሲጠራ ግን ይለሰልሳል።» ወደ ኋላ መልሼ አዳመጥኩት። እውነቷን ነው። ሁለት ሙሉ ዓይን ይዤ ያላየሁትን ሰማችው። ደግሞ ልብ በሉ፤ አስተያየቷን የጀመረችው «እኔ በሰማሁት» ብላ ነው። ያላገኘችውን አገኘሁ አላለችም፤ ፍርዷ ከየት እንደመጣ አስቀድማ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ፊልም ሲያወራ ያችን መግቢያ እጠብቃለሁ፤ ብዙውን ጊዜ አላገኛትም።

የእናቴ ዓይነት ተመልካቾች ብዙ ናቸው። ፊልሙን በትርጉም ጽሑፍ ብቻ የሚከታተል መስማት የተሳነው ሰው አለ፤ ልጅ እያስተኛች በግማሽ ድምፅ የምታይ እናት አለች፤ አንዱን ፊልም አምስት ጊዜ የሚያይ ሽማግሌ አለ። ገጻችሁ የእነዚህን ሁሉ አስተያየት በአንድ ቁጥር ስለሚያጭቀው፣ ሁሉም አንድ ሰው ይመስላሉ። ቦታ ይጠብባችሁ እንደሆነ አስቡበት፦ ሃያ ባለ ነጥብ አስተያየት ከምታወጡ ስድስት አውጡ። ስድስቱ ግን ስንት እንዳዩ፣ በምን እንዳዩና የትኛው ትዕይንት ልባቸውን እንደያዘ ወይም እንዳባረራቸው የሚናገሩ ይሁኑ። እኔ አንዲቱን ገጽ ቆርጬ እስከማስቀመጥ እደርሳለሁ።

እናቴም የምትልክላችሁ አስተያየት አላት። አሁን አራት ክፍል ያለውን አንድ ድራማ እያዳመጠች ነው፤ ሦስቱን ጨርሳለች። ትናንት ማታ «ልጻፍልሽ ወይ?» ብዬ ብጠይቃት «አንድ ይቀረኛል አይደል?» አለችኝ። ስትጨርስ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ