የተዘጋ ድራይቭ ባዶ ድራይቭ አይደለም፤ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልዲያ የምትገኙ ሁሉ፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አንድ ዓይነት ችግር ይዘው የሚመጡ ሰዎች በዝተዋል። ኮምፒውተሩ በደኅና ይነሣል፤ ዲ የተባለው ድራይቭም በቦታው ይታያል፤ ሲከፍቱት ግን «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» (መግባት ተከልክሏል) የሚል መልእክት ይወጣል። አብዛኞቹ ወደ እኛ ከመድረሳቸው በፊት «ፎርማት ካልተደረገ (ማለትም ያለበት ሁሉ ተሰርዞ እንደ አዲስ ካልተዘጋጀ) አይከፈትም» የሚል ምክር ሰምተው ይመጣሉ። ደብዳቤውን ያስጻፈን ይህ ምክር ነው። የመግቢያ ፈቃድ ብቻ በጠፋበት ድራይቭ ውስጥ ያለው ፋይል አንዱም አልተነካም። ፎርማት የተደረገ ዕለት ግን የሠርጉ ቪዲዮ፣ የተማሪዎቹ ውጤትና የዓመቱ ሂሳብ አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ አብሽሩ፤ ፎርማት ግን አታድርጉ።

ዊንዶውስ ሃርድ ዲስክን የሚያደራጅበት ኤንቲኤፍኤስ የተባለው ሥርዓት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣ ነው። ለእያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ማንስ ምን እንዲያደርግ እንደተፈቀደለት ለየብቻ ይመዘግባል። የቤቱ ካርታ በስሙ ያለ ሰው ቁልፉ ቢጠፋበት ቁልፉን ያስቀይራል እንጂ ቤቱን አያፈርስም፤ እዚህም የፈቃዱ ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ቢሰረዝ እንኳ ባለቤቱ ዝርዝሩን እንደገና የመጻፍ መብት አለው። ባለቤትነቱ የሌላ ሰው ከሆነም የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ በራሱ ስም ሊያዞረው ይችላል።

ስሕተቱ የሚፈጠረው በአብዛኛው ከጥሩ ሐሳብ ነው። በፎቶ ቤት ወይም በትምህርት ቤት አንዱን ኮምፒውተር ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፤ ኃላፊው ድራይቩን ከሌሎች ለመጠበቅ ይፈልግና «ሴኩሪቲ» ወደሚለው ገጽ ገብቶ «ኤቭሪዋን» (ሁሉም ሰው) በሚለው ስም ላይ «ዲናይ»ን (ከልክል) ይመርጣል። «ኤቭሪዋን» ውስጥ እርሱ ራሱም አለበት፤ በአንድ ዝርዝር ላይ ክልከላና ፈቃድ ሲገናኙ ደግሞ ዊንዶውስ ክልከላውን ያስቀድማል። ሌሎች ሰዎች ደግሞ እነርሱ የማያውቁትን ስም ሁሉ ከዝርዝሩ ሲያስወጡ የራሳቸውንም ፈቃድ አብረው ያስወጣሉ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል፤ የድሮው ተጠቃሚ ስም ይጠፋና በቦታው በኤስ-1-5-21 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይቀመጣል።

ሰውን ይበልጥ የሚያስደነግጠው ፈቃዱ ሲጠፋ ድራይቩ ባዶ መስሎ መታየቱ ነው። ከስሙ ሥር የነበረው የመጠን መስመር ይጠፋል፤ «ፕሮፐርቲስ» ሲከፈት የተያዘውም ቦታ 0 ባይት፣ ነፃውም 0 ባይት ይላል። የመንዙማ ቅጂዎችን ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲያሻግር የቆየ አንድ ደንበኛችን ይህን ዜሮ አይቶ ሥራው ሁሉ የተደመሰሰ መስሎት ነበር። ዜሮው ግን ዊንዶውስ ገብቶ መቁጠር ስለተከለከለ የሚወጣ ነው። ለማረጋገጥ የዲስኮችን ሁኔታ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መሣሪያ፣ «ዲስክ ማኔጅመንት»ን ክፈቱ። ድራይቩ ኤንቲኤፍኤስ እና «ሄልዚ» (ጤነኛ) የሚል ከሆነ ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። «ሮው» (ዊንዶውስ አደረጃጀቱን ማወቅ ያልቻለው) የሚል ከሆነ ወይም ዲስኩ እንግዳ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ግን ሌላ ሕመም ስለሆነ፣ ምንም ሳትሞክሩ አጥፍታችሁ አምጡልን።

የፈቃዱን ጉዳይ ብዙዎቻችሁ ራሳችሁ ልትፈቱት ትችላላችሁ። በአስተዳዳሪ አካውንት ግቡና ድራይቩን በቀኝ ተጫኑ፤ ከ«ፕሮፐርቲስ» ወደ «ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ ወደ «አድቫንስድ» እለፉ። ከላይ «ኦነር» (ባለቤት) ከሚለው አጠገብ «ቼንጅ»ን (ቀይር) ተጭናችሁ «አድሚኒስትሬተርስ» (አስተዳዳሪዎች) የሚለውን ስም ጻፉ፤ ባለቤትነቱ በውስጥ ላሉት ፎልደሮች ሁሉ እንዲተላለፍ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አድርጋችሁ አጽድቁ። ከዚህ በኋላ የተከፈቱትን መስኮቶች በሙሉ ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው ይህችን ስለሚዘልላት ነው፤ የፈቃዱ ዝርዝር በአዲሱ ባለቤት ስም የሚታየው ገጹ ዳግም ሲከፈት ነው። አሁን «ዲናይ» የሚሉትን መስመሮች አስወግዱ፤ ለ«አድሚኒስትሬተርስ» እና ለ«ሲስተም» (ለዊንዶውስ ራሱ) ደግሞ «ፉል ኮንትሮል» (ሙሉ ፈቃድ) ስጡ።

እዚያው ገጽ ግርጌ የውስጥ ፎልደሮችን ፈቃድ ሁሉ በአዲሱ የሚተካ ሌላ ሳጥን አለ። የግል ድራይቭ ከሆነ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። የመሥሪያ ቤት ድራይቭ ከሆነ ግን ተዉት፤ የሂሳብ ክፍሉ ለብቻው፣ የሰው ኃይሉ ለብቻው የተሰጣቸውን ፈቃድ በአንድ ጊዜ ይደመስሰዋል።

ትንንሽ ፋይሎች የበዙበት ድራይቭ ጊዜ ይወስዳል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰዓት ከሆነ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ወይም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ በሚያቆየው በዩፒኤስ ሥሩ። መሐል ላይ ቢቋረጥ ከፊሉ ፋይል ተከፍቶ ከፊሉ ተዘግቶ ይቀራል፤ ያኔ ሥራውን ከመጀመሪያው መድገም ነው።

ሁለት ነገሮችን አጥብቀን እንለምናችኋለን። ይህን ሥራ ዊንዶውስ በተጫነበት በሲ ድራይቭ ላይ አትሞክሩት፤ የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች ባለቤት «ትረስትድ ኢንስቶለር» የተባለ አካል ነው፤ ባለቤትነቱን መንጠቅ ኮምፒውተሩን ላለመነሣት ሊያበቃው ይችላል። ሁለተኛው፣ ቢትሎከር የተባለው መቆለፊያ በባለቤትነት ለውጥ አይፈታም፤ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ 48 አኃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁጥር ያስፈልጋል። በወረቀት ጽፋችሁ ከኮምፒውተሩ ርቆ በሚገኝ ቦታ አስቀምጡት።

እኛ ዘንድ ይዛችሁ ስትመጡ የምንጠይቃችሁ ጥያቄ እንዳያስከፋችሁ። የተዘጋ ድራይቭ መክፈት የሰው ገመና መክፈት ነው፤ ስለዚህ የግል ከሆነ ባለቤቱ ራሱ መታወቂያውን ይዞ እንዲመጣ፣ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲቀርብ እንፈልጋለን። የትዳር ጓደኛም ሆነ የቀድሞ ሠራተኛ ብቻውን ቢመጣ አንከፍትም። ከወልዲያ ወይም ከዚያ ወዲያ የምትመጡ ደግሞ መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ደውሉልን፤ በስልክ እየነገርናችሁ የሚፈታ ከሆነ ለትራንስፖርት ገንዘብ ባታወጡ እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ቤታችሁ ሠራተኞች
ደሴ