የዝውውር ቅጹ ላይ የማይጻፍ ምክንያት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ መምህራን ፍልሰት በተጻፈ ቁጥር ነገሩ በደመወዝ ተጀምሮ በደመወዝ ያልቃል። የደመወዙን ነገር አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ወሩ ሳይጋመስ ሰፈር ካለው ሱቅ በዱቤ ከሚወስዱት አንዱ ነኝ። ሆኖም በሰሜን ሸዋ በሚገኙ ሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለ22 ዓመታት ሳስተምር እንደታዘብሁት፣ መምህሩን ከሙያው የሚያስወጣው ኑሮ ቢሆንም፣ ከትምህርት ቤቱ አስቀድሞ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ የርዕሰ መምህሩ አያያዝ ነው።

በአንድ ትምህርት ቤት፣ ያው ደመወዝ እየተከፈለኝ፣ በሁለት ርዕሳነ መምህራን ሥር ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ጠዋት ጠዋት የፊርማ መዝገቡን ታቅፎ በር ላይ ይቆማል። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን በቀይ እስክሪብቶ ያሰምራል፤ ከመስመሩ በታች የፈረመ መምህር በማግስቱ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ፣ በተማሪዎቹ ፊት፣ ስሙ ይጠራል። አንድ ቀን የታመመ ልጇን ጤና ጣቢያ አድርሳ የመጣች የኬሚስትሪ መምህርት በሰባት ደቂቃ ዘገየችና ስሟ ተጠራ። ከሰልፉ በኋላ አራቱንም ክፍለ ጊዜ አስተምራ፣ ከማናችንም ጋር ሳትነጋገር ወደ ቤቷ ሄደች። በዓመቱ መጨረሻ የዝውውር ማመልከቻ ስታስገባ በምክንያቱ ቦታ «ከባለቤቴ ጋር ለመኖር» ብላ ጻፈች። ባለቤቷ በሌላ ወረዳ እንደሚሠራ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወደዚያ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሙሉ ሴሚስተር ኬሚስትሪን የተማሩት ከባዮሎጂ መምህራቸው ነው።

ሁለተኛው ርዕሰ መምህር በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት የክፍለ ጊዜ ድልድሉን አስመጥቶ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ሁለት ሴክሽን ለራሱ ያዘ። የፊርማውን መዝገብ አላስቀረም፤ ከበሩ አንሥቶ መምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አኖረው እንጂ። የዘገየን ሰው ቢሮው አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ይጠይቃል። ልል ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። እኔን ራሴን ከአሮጌ ፈተና የገለበጥሁትን የወር ፈተና «ይህን ልጆቹ ፎቶ ኮፒ ቤት ያገኙታል» ብሎ መልሶልኛል፤ ለሁለት ቀን ባኮርፍም እውነቱን ነበር። በሦስት ዓመት ቆይታው የዝውውር ፎርም ሲሞሉ ያየሁት ሁለት መምህራንን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጎበዝ መሆኑ ታወቀና ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተወሰደ። (እኛ ዘንድ ጥሩ ርዕሰ መምህር የሚሸለመው ከትምህርት ቤት በመነሣት ነው።)

የአመራሩ ጠባይ ይህን ያህል የሚጎዳው ወይም የሚጠቅመው ያለ ምክንያት አይደለም። መምህሩ ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ ወደ ከፍተኛና መሪ መምህርነት የሚወጣበት የደረጃ ዕድገት መሰላል ከአገልግሎት ዘመኑ በተጨማሪ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ የቆመ ሲሆን፣ በምዘናው ውስጥ የርዕሰ መምህሩና የምክትሎቹ ነጥብ ክብደት አለው። በስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሣ መምህር ነጥቡ ለምን እንደወረደ ሳይነገረው የደረጃ ዕድገቱ ሲያልፈው፣ ያጣው የደመወዝ ጭማሪ በፔሮል ላይ ሲታይ የደመወዝ ጥያቄ ይመስላል፤ ሥሩ ግን አስተዳደር ነው። ስለዚህ ደመወዝንና አመራርን ለያይተን መከራከራችን ራሱ የሚያስኬድ አይመስለኝም።

ለርዕሳነ መምህራኑም ፍርድ መጉደል የለበትም። ሹመቱ በውድድር ነው ቢባልም የወረዳው ፈቃድ እንደሚበረታ ሁላችንም እናውቃለን፤ በወረዳ ፈቃድ የተሾመ ሰው ደግሞ ሪፖርቱን የሚጽፈው ለወረዳ ነው። የጠመኔው፣ የወንበሩ፣ የዘገየው ደመወዝ ስሞታ ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል፤ በእጁ ያለው ግን የትምህርት ቤቱ ድጎማና ጥቂት የውስጥ ገቢ ነው። ከላይ የተጫነውን ወደ ታች ቢያወርደው ብዙም አይደንቅም።

ጉዳዩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። የዩኔስኮ መረጃ እንደሚያሳየው በዓለም ደረጃ ሙያውን የሚለቁ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ድርሻ በ2015 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 4.62 በመቶ በ2022 ወደ 9.06 በመቶ ከፍ ብሏል። እኛ ግን ኪሳራውን የምንችልበት አቅም የለንም። በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ውጤት ሁሉ በርዕሰ መምህር ማሳበብ ግፍ ይሆናል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ መምህር የሚቀያየርበት ክፍል ግን ምን ያህል ሊያልፍ እንደሚችል ለመገመት መምህር መሆን አያስፈልግም።

ወደ ዝውውር ቅጹ ልመለስ። ቅጹ ጋብቻን፣ ሕመምን፣ የአገልግሎት ዘመንን ይቀበላል፤ ከዚያም ወደ ወረዳ ከመሄዱ በፊት የርዕሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም ያርፍበታል። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ እውነተኛውን ምክንያት የሚጽፍ የለም፤ ወረዳውም የመምህራኑን ፍልሰት በጋብቻና በሕመም መዝግቦ ያስቀምጠዋል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሁለት ነገር ቢያደርጉ ብዙ ወጪ የለውም። አንደኛው፣ የዝውውርና የመልቀቂያ ጥያቄዎችን በየትምህርት ቤቱ ለይቶ መቁጠርና ቁጥሩ ከጎረቤቶቹ የበዛበትን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ስለ ምክንያቱ መጠየቅ ነው። ሌላው፣ የለቀቀውን መምህር አዲሱ ቦታው ከገባ ከሦስት ወር በኋላ፣ የድሮው አለቃው ፊርማ በማይደርስበት መንገድ፣ ለምን እንደሄደ መጠየቅ ነው። ያች የኬሚስትሪ መምህርት ዛሬም በሌላ ወረዳ ታስተምራለች፤ እስካሁን የጠየቃት ሰው የለም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር፣ ሰሜን ሸዋ