የጎጥም ሰው ይቆጠር፣ የጎጥም ታሪክ ይጻፍ

ውድ አዘጋጅ፣

አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ስለመዘግየቱ በጋዜጦች ብዙ ተብሏል። እኔ የምጽፍላችሁ ከዚያ ወረድ ስላለ ጉዳይ ነው። ስለ ጎጥ። በገጠር ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አርባ ሃምሳ ቤት ያላት ጎጥ መቼ እንደተመሠረተች፣ ማን እንዳቀናት፣ ስንት ሰው እንደሚኖርባት ማወቅ የፈለገ ሰው የት ሄዶ ይጠይቅ? ሽማግሌ ካላገኘ መልስ አያገኝም። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

አገራችን ሕዝቧን የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ነው። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። በመጀመሪያው ቆጠራ ኤርትራን ጨምሮ ከ42 ሚሊዮን በላይ ነበርን፤ በጸጥታ ችግር ያልተቆጠሩ ቦታዎች በግምት ነው የተሞሉት። በሁለተኛው ወደ 53 ሚሊዮን፣ በሦስተኛው ወደ 74 ሚሊዮን ደረስን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይደረግ ይላል። አራተኛው ለ2010 ታቅዶ ነበር። ደጋግሞ ተራዘመ፣ እስካሁንም አልተካሄደም።

በነዚህ ቆጠራዎች ጎጥ የት አለች? የወረዳ ቁጥር በቀላሉ ይገኛል። የከተማም እንዲሁ። ቀበሌ ላይ ለመድረስ ትንሽ መድከም ይጠይቃል። ከቀበሌ በታች ግን ለሕዝብ የወጣ ነገር የለም። ቆጣሪዎቹ እኮ እያንዳንዱን ቤት አንኳኩተዋል። ገጠሩን ከ150 እስከ 200 ቤት በሚይዙ የቆጠራ ቦታዎች ከፋፍለው፣ ካርታ ይዘው፣ ጋራውን ወጥተው ወርደዋል። ያ ሁሉ ልፋት ተደምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ጎጧ ተመልሶ የሚመጣ ነገር የለም።

ቀበሌ ካለ ይበቃል የሚል ይኖራል። አይበቃም። የዛሬዎቹ የገጠር ቀበሌዎች መነሻቸው የገበሬ ማህበር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ቢያንስ 800 ሄክታር፣ ማለትም 20 ጋሻ መሬት ላይ አንድ ማህበር ይቋቋም አለ። የዕድገት በኅብረት ዘማቾችም፣ ማለትም ደርግ ያዘመታቸው ተማሪዎችና መምህራን፣ ገጠር ወርደው ገበሬውን አደራጁ። መስመሩ የተሰመረው በመሬት ስፋት ነው። ሰዉ በልማዱ አንድ መንደር ነኝ የሚለው በደብር፣ በመስጊድ፣ በምንጭ፣ በግጦሽ ነበር። ኋላም ሁለት ሦስት ማህበር ተዋህዶ አንድ ቀበሌ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ስለዚህ የ1976ን ቁጥር ከ1999 ጋር አስተያይቶ «ይቺ ቀበሌ በዚህን ያህል አደገች» ማለት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ስሙ አንድ ሆኖ መሬቱና ሰዉ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጎጥ ግን እንደ ቀበሌ በየጊዜው ስትዋሃድና ስትነጣጠል አልኖረችም። ሰዉም እስከ ዛሬ «የት ነህ?» ሲባል የሚጠራው ጎጡን ነው።

የጎጥ ቁጥር አለመኖሩ ጉዳት አለው። ከ1999 ወዲህ በእጃችን ያለው ትንበያ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቆጠራ መካከል የሕዝቡ ዕድገት በአማካይ በዓመት 2.6 በመቶ ነበር። እንዲህ ያለ ስሌት ለአገር ይሠራል። ለጎጥ ግን አይሠራም። በ1999 300 ሰው የነበረባት አንዲት ጎጥ አለች እንበል። በዚህ ስሌት ከ18 ዓመት በኋላ ወደ 476 ሰው ሊኖራት ነው። መሬት ያጣው ወጣት ወደ ከተማ ሄዶ ከሆነስ? እህቶቹ ዓረብ አገር፣ ወንድሞቹ ሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርደው እዚያው ቀርተው ከሆነስ? ወረቀቱ ላይ ያለችው ጎጥ እያደገች፣ እውነተኛዋ ጎጥ ባዶ እየሆነች ትሄዳለች። ተቃራኒውም አለ። መንገድ የወጣላት ጎጥ በጥቂት ዓመት ቤቷ እጥፍ ይሆናል፣ የውሃ ቦኖው ግን ያው አንድ ነው። እርዳታ ሲመጣ፣ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ የሳተላይት ትምህርት ቤት፣ ማለትም ለትንንሽ ልጆች በቅርብ የሚሠራ ቅርንጫፍ፣ ይከፈት ሲባል ከቀበሌው ማዕከል ርቃ ገደል ሥር ያለችው ጎጥ ድምጿ አይሰማም። «እዚያ ስንት ሰው አለ?» ሲባል በወረቀት የሚያሳይ የለማ።

መረጃው ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። ተበታትኖ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ ማህደር አላቸው፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደወለደ፣ ማን እንዳልተከተበ ያውቃሉ። የመሬት ይዞታ ደብተር አለ። ከነሐሴ 2008 ጀምሮ የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ በቀበሌ ደረጃ ይካሄዳል። እድሩ የአባላት መዝገብ አለው። እነዚህን በጎጥ ለይቶ በአንድ ላይ ማየት ቀበሌው ራሱ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

ታሪኩ ግን ከቁጥሩ በላይ ያስቸኩላል። አንዳንድ አካባቢ ታሪክ መያዣ መንገድ አለ። በሰሜን ያሉ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት በወንጌል ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና ውል ጽፈው አቆይተዋል። ኮንሶዎች ደግሞ በድንጋይ ካብ በታጠሩት መንደሮቻቸው ውስጥ ሥልጣን ከትውልድ ወደ ትውልድ በተሸጋገረ ቁጥር ረጅም ግንድ ያቆማሉ። ግንዶቹን የሚያውቅ ሰው የመንደሩን ዕድሜ ከነሱ ላይ ያነባል። በ2003 ዓ.ም. የኮንሶ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ ሲመዘገብ 21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ባህል ነው ተብሎ ነው። የጉራጌን ጀፎሮ፣ ማለትም በመንደሩ መሐል የሚያልፈውን ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ያየ ሰውም ቤቶቹ በግራና በቀኝ እንዴት እንደተሰደሩ አይቶ መንደሩ ታስቦበት የተቆረቆረ መሆኑን ይረዳል።

አንዲት ትንሽ መንደር ታሪኳ ሲነገር ምን እንደሚሆንም በአውራ አምባ አይተናል። ፎገራ ወረዳ ውስጥ ጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ የሚኖሩባት ናት። ዙምራ ኑሩና ጓደኞቻቸው በ1964 ጀመሯት፤ በደርግ ዘመን ማብቂያ ነዋሪዎቿ ወደ ደቡብ ተሰደዱ፤ ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ጠበቃቸው፤ ሽመና ላይ በረቱ። ይህን ዛሬ ከውጭ አገር ድረስ ሰው እየመጣ ይሰማዋል። በዙሪያዋ ያሉት ጎጦችም ተሰደዋል፣ ተርበዋል፣ መልሰው ቆመዋል። የጻፈላቸው የለም።

አብዛኛው የገጠር ታሪካችን ያለው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ በሥራዬ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የጎጥ ታሪክ ሲጠየቅ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ወንድ ሽማግሌዎች ነው። እነሱ የዘር ሐረግ ይቆጥራሉ፣ ማን አቀና፣ ማን ከማን ተካፈለ ይላሉ። ጥሩ ነው። ግን የመሬት ክርክር ስላለበት አንዱ ያለውን ሌላው ያፈርሰዋል። ስንት ቤት እንደነበረ የሚነግሩን አሮጊቶች ናቸው። በብዙ አካባቢ ሴት ልጅ ተድራ ወደ ባሏ አገር ነው የምትሄደው። ስለዚህ አንድ ቀን ሙሽራ ሆና የገባችባት፣ ለሷ አዲስ የሆነች ጎጥ አለች። ያን ቀን አትረሳውም። «እርስዎ ሲገቡ እነማን ቤት ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከላይኛው ጫፍ ጀምረው በጣት እየቆጠሩ ይነግሯችኋል። የማን ቤት ሣር እንደነበር፣ ማን ሁለት ሚስት እንደነበረው፣ የትኛው ግቢ በ77 እንደጠፋ፣ ውሃ ከየት ይቀዳ እንደነበር። የገቡበትን ዓመት ባያውቁት «ከ66ቱ ድርቅ በፊት»፣ «አብዮቱ በፈነዳ ማግስት» ይላሉ። የቆጠራ ሠራተኞችም ዕድሜ የሚገምቱት እንዲህ ባሉ ክስተቶች ነው። በተለያየ ዘመን የተዳሩ አምስት ስድስት እናቶችን ማናገር ማለት የአንዲትን ጎጥ የአምስት ስድስት ጊዜ ቆጠራ ማግኘት ማለት ነው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም። ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል።

ግን ጊዜ የለንም። የመሬት አዋጁ ሲታወጅ 30 ዓመት የነበረው ገበሬ ዛሬ 80 ገብቷል። በ1977 እና 78 ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋና ከፋ ወደ 600 ሺህ ሰው በሰፈራ ተወስዷል። የተነሡባት ጎጥ ውስጥ የእነሱ ቤት ቦታ አሁን እርሻ ነው። የሰፈሩበት ቦታ የተወለዱ ልጆች ደግሞ አያቶቻቸው ከየት ጎጥ እንደመጡ የማያውቁ አሉ። መንደር ምስረታው ሲመጣ በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በተሰመረለት መስመር እንዲሠራ ተደረገ፤ የካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ብዙው መልሶ አፍርሶ ወደ ጥንት ቦታው ተመለሰ። ማን ተመለሰ? ማን እዚያው ቀረ? በየት በኩል? ይህን የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። በየወሩ ግን እየቀበርናቸው ነው።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት መጪው ቆጠራ ሲደረግ የጎጥ ስም መጠይቁ ላይ እንዲገባና ውጤቱ በጎጥ ተለይቶ ለየቀበሌው እንዲመለስ እጠይቃለሁ። በጣም ትንሽ በሆኑ ጎጦች የሰዉ የግል ጉዳይ እንዳይጋለጥ የሚሰጉ ይኖራሉ፤ ተገቢ ስጋት ነው። የነዋሪና የቤት ብዛት ብቻ ቢሰጥ ግን የማንም ምስጢር አይወጣም። የገጠር መምህራን ባልደረቦቼም ቆጠራውን ሳትጠብቁ ለተማሪዎቻችሁ ይህን የቤት ሥራ ስጧቸው። ልጅ አያቱን ሲጠይቅ ሽማግሌም ደስ ይለዋል፣ ልጁም የሰማውን አይረሳም።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ፣ አዘጋጅ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ግማሽ ገጽ እንኳ ቢሆን፣ አንዲት ጎጥ የምትቀርብበት አምድ ክፈቱ። ስሟ፣ ያለችበት ወረዳ፣ የነዋሪዎቿ ብዛት፣ እነማን እንዳቀኗት፣ ምን ምን እንዳለፈባት። ከየቦታው የሚልክላችሁ አታጡም። የእኔ ተማሪዎች የሰበሰቡት አለ፣ እሱን አስተካክዬ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጂኦግራፊ መምህር