ቅዳሜ ስለምንገናኝበት ጉዳይ

ለተከበራችሁ የሸክላ ሠሪዎች ማኅበራችን አባላት፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ለሆቴሉ ካስረከብናቸው 40 ጀበናዎች 7ቱ ተመልሰውብናል። ሁሉም የተሰነጠቁት አንገቱ ከሆዱ በሚገናኝበት ቦታ ነው። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ በደረቀ ሆድ ላይ እርጥብ አንገት ሲቀጠል ሁለቱ እኩል አይኮማተሩም፤ እሳት ሲነካቸው ይለያያሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቀጨኔ በሚገኘው መሥሪያ ቦታችን አንጋፋዎቹ እናቶቻችን አቀጣጠሉን ደግመው ያሳዩናል። እኔም ከተማሪዎቹ አንዷ ነኝ፤ ከተመለሱት ሁለቱ የእኔ ናቸውና።

ከሰዓት በኋላ ስለ ዋጋ እንነጋገራለን። አፈሩን፣ ማገዶውንና የተሸካሚውን ሒሳብ እንቆጥራለን፤ እሳት ላይ የሚፈነዳውን ግን ማናችንም አንቆጥርም። የገዛ ጉልበታችንንማ ተዉት! ነጋዴው ደጃችን ድረስ መጥቶ አንዷን ከሌላዋ እያወዳደረ ዋጋ የሚሰብረውም ለዚህ ነው። ዝቅተኛውን ዋጋ በጋራ እስክንወስን ድረስ ማንም ለብቻዋ እንዳትሸጥ አደራ።

ለገና ባዛር በማኅበሩ ስም አንድ ድንኳን ተከራይተናል። የምታመጡትን ዕቃ ብዛት እስከ ኅዳር 20 ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ። ድስትና ምጣድ ይበቃናል፤ የጎደለን ትንንሽ ጀበናና የዕጣን ማጨሻ ነው።

ሕፃናት ያሏችሁ ይዛችኋቸው ኑ፤ የሚጠብቃቸው ሰው አዘጋጅተናል።

የማኅበሩ ሰብሳቢ